የመጀመሪያ የዘይት ቀለም ቅጂያችሁን ከየትኛው ሥዕል ትጀምሩ? አምስት የቆዩ መንፈሳዊ ሥዕሎች ሲነጻጸሩ

የቆየ ሥዕል እየገለበጡ ዘይት ቀለም መማር የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ሩበንስ የካራቫጆን «የክርስቶስ መቀበር» እያየ የራሱን ሠርቷል። ቫን ጎግ በ1890 የሬምብራንትን የአልዓዛር ትንሣኤ ከጥቁርና ነጭ ህትመት ተነስቶ፣ ቀለሙን ከራሱ አምጥቶ ስሎታል። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ለገልባጮች በሩን የከፈተው በ1793 ነው፤ ዛሬም በፈቃድ ገብተው ይሠራሉ። ስለዚህ «መገልበጥ ማጭበርበር አይሆንም ወይ?» ብሎ የሚጨነቅ ካለ ይረጋጋ።

ጭንቁ የሚመጣው ሥዕሉን ሲመርጡ ነው። ብዙ ሰው ልቡን የነካውን ያነሳል። ልብ የሚነካው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ የሚያህል፣ ሰው የሞላበት፣ እጅና እግር በየአቅጣጫው የተዘረጋበት ሥዕል ነው። ንድፉ ብቻ ሳምንታት ይበላል። ቀለም ገና ሳይነካ ሞራል ይወድቃል፤ ሸራውም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀራል። የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ የመጀመሪያው ቅጂ መጨረስ የሚቻል፣ ደግሞም የሚጎድለንን አንድ ሙያ በደንብ የሚያሠራ መሆን አለበት። ውብ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ እዚህ የማነሳቸው አምስቱም ውብ ናቸው።

መንፈሳዊ ሥዕል ለመማሪያ የሚመች አንድ ቀላል ምክንያት አለው። ታሪኩን አስቀድመን እናውቀዋለን። የጠፋው ልጅ አባት ለምን እንደተጎነበሰ፣ በኤማሁስ እራት ላይ ደቀ መዝሙሩ ለምን ከወንበሩ ሊነሳ እንደቃጣ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። አእምሮ ታሪክ በመፍታት አይጠመድም፤ ዓይን ብርሃኑንና ቀለሙን ብቻ ያያል።

መመዘኛዎቹ

መጀመሪያ መጠን። ኦሪጅናሉ 262 ሴንቲ ሜትር ቁመት ካለውና እናንተ 65 ሴንቲ ሜትር ሸራ ላይ ከሠራችሁት ሁሉም ነገር ሩብ ይሆናል። የሰው ፊት ከ6 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ሠዓሊው በክንዱ የሳበውን መስመር እናንተ በጣት ጫፍ ትስላላችሁ። ያ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ወደ ኦሪጅናሉ መጠን የቀረበ ቅጂ የበለጠ ያስተምራል።

ቀጥሎ የንድፉ ክብደት። ስንት ሰው አለ? ስንት እጅ? ወደ ተመልካቹ የተዘረጋ ክንድ፣ ፎርሾርትኒንግ የሚሉት፣ አለበት ወይ? እጅ ከፊት በላይ ጊዜ ይበላል።

ሦስተኛው የቀለም ብዛት ነው። ይሄ በቀጥታ ኪስን ይነካል። በአምስት ቱቦ የሚሠራ ሥዕልና አሥር ቱቦ የሚጠይቅ ሥዕል እኩል አይደሉም።

አራተኛው አሠራሩ። አንዳንዱ ሥዕል እርጥብ በእርጥብ፣ በቀጥታ ይሠራል። ሌላው መጀመሪያ በቡኒ ወይም በግራጫ የታች ቅብ ይደረግለታል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ስስ ቀለም በላዩ ይደረባል። ድርብርቡ ሲበዛ ትዕግሥትም አብሮ መብዛት አለበት።

የመጨረሻው የምስሉ ጥራት ነው። አንዱን ሥዕል ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ አሥር ዓይነት ሆኖ ይመጣል፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥላው ሁሉ ጠቁሮ የጠፋ። ሙዚየሙ ራሱ ድረ ገጹ ላይ ያወጣውን ብቻ ተጠቀሙ።

ዙርባራን፦ «አግኑስ ዴይ» (የእግዚአብሔር በግ)

ማድሪድ፣ ፕራዶ ሙዚየም ነው ያለው። በ1635 እና በ1640 መካከል የተሠራ ነው ይባላል። 37 በ62 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ማለትም በራሱ መጠን መገልበጥ ይቻላል። እግሮቹ በገመድ የታሰሩ በግ ግራጫ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ከኋላው ጨለማ ነው። ሌላ ምንም የለም። ሳንዲያጎ በሚገኘው የዚሁ ሥዕል ሌላ እትም ላይ በጉ አክሊለ ብርሃን አለው፤ የፕራዶው ግን ያንንም ትቶታል። «እነሆ የእግዚአብሔር በግ» የሚለውን የምታመጡት እናንተ ናችሁ።

ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ቲታኒየም ነጭ፣ አይቮሪ ጥቁር፣ ጥሬ ኡምበር (ጠቆር ያለ ቡኒ)፣ ቢጫ ኦከር (አፈርማ ቢጫ) እና የተቃጠለ ሲየና (ቀላ ያለ ቡኒ) ይበቃዋል፤ አምስት ቱቦ። ያለ ሲየናውም አራት ይሆናል። ቀለሙ እንዲህ ጥቂት ሲሆን መሸሸጊያ አይኖርም፤ ብርሃንና ጥላን በደረጃ መለየት ግዴታ ይሆናል። ዘይት ቀለም ላይ የሁሉም ነገር መሠረት ደግሞ እሱ ነው።

ፀጉሩን ቀረብ ብለን እንየው። ጀማሪ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ሊስለው ይነሳል። ዙርባራን እንደዚያ የሠራ አይመስልም። በጉ መጀመሪያ አንድ ክብ ነገር ነው፤ ብርሃን ያረፈበትና ጥላ የዋጠው ጎን አለው። ስለዚህ ፓሌት (የቀለም መቀላቀያ ሰሌዳ) ላይ ከብርሃን ወደ ጥላ አምስት ደረጃ ቀላቅሉ። የብርሃኑ ጎን ነጭ በጥቂት ኦከር ነው፤ ወደ ክሬም ያደላል። የጥላው ጎን ነጭ፣ ጥቁርና ኡምበር ነው። ጥቁርና ነጭ ብቻቸውን ሲቀላቀሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ግራጫ ይሰጣሉ፤ ኡምበሩ ያሞቀዋል። ሰፋ ባለ ብሩሽ ጅምላውን አስቀምጡ። የፀጉሩ ጥቅልል ጎልቶ የሚታየው ብርሃኑና ጥላው በሚገናኙበት ጠርዝ ነው። እዚያ ላይ ብቻ፣ ቀለሙ እርጥብ እያለ፣ በአሮጌ ሻካራ ብሩሽ ጫፍ አጭር አጭር ጠምዘዝ አድርጋችሁ ንኩት። ንጹሑን ነጭ ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ነጥቦች አቆዩት። ቀድማችሁ ከጨረሳችሁት ከዚያ በላይ የሚደምቅ ነገር አይኖራችሁም።

የኋላውን ጨለማ በንጹሕ ጥቁር አትድፈኑት። ጥቁር ብቻውን ድፍን ብሎ ይቀራል፣ ለመድረቅም ይዘገያል። ኡምበር ስትጨምሩበት ጥልቀት ያገኛል፤ ኡምበር ማንጋኒዝ ስላለው ቶሎ ይደርቃል።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። የሰው ቆዳ የለበትም፤ ደማቅ ቀለምም የለበትም። ፊት መሣል ለጓጓ ሰው ይሄ ሥዕል ይከብደዋል፤ ስለሚደብረው።

ሳሶፌራቶ፦ «ድንግል በጸሎት»

ለንደን፣ ናሽናል ጋለሪ። ከ1640 እስከ 1650 ባለው ጊዜ የተሠራ፣ 73 በ58 ገደማ። እመቤታችን ነጭ ሻሽ በራሷ፣ ሰማያዊ መጎናጸፊያ በላይዋ፣ ከሥሩ ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ እጆቿን አጋጥማ ዓይኖቿን ዝቅ አድርጋለች። ሳሶፌራቶ ይህን ዓይነቱን ሥዕል ራሱ ደጋግሞ ሠርቶታል፤ ራፋኤልንም በጣም ይከተል ነበር። ስለዚህ ቅጂ ስትሠሩ ቢያይ የሚቆጣ ሰው አይደለም።

ጥንካሬው ጨርቁ ነው። በዚያ ዘመን ምርጡ ሰማያዊ፣ አልትራማሪን፣ ላፒስ ላዙሊ ከሚባል ከአፍጋኒስታን ተራሮች ከሚመጣ ድንጋይ ይወጣ ነበር። ዋጋው የማይቀመስ ነበር። ሰው ሠራሹ ከ1820ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ፤ ዛሬ ከርካሾቹ ቱቦዎች አንዱ ነው። ጨርቁን ስትሠሩ ጥላውን በጥቁር አታጥቁሩት። አልትራማሪን በራሱ ጥቁር ሊመስል የሚደርስ ጥልቅ ቀለም ነው። ጥልቁን እጥፋት በንጹሑ አልትራማሪን፣ ቢበዛ ጥቂት ኡምበር ጨምራችሁ ሥሩ። ብርሃኑን በነጭ አንሱት።

ዓይኖቿ ዝቅ ማለታቸውም ለጀማሪ በረከት ነው። የዓይን ብሌን መሣል የለም። የፊቱ ልስላሴ ግን ምሕረት የለውም፤ የብሩሽ ምልክት አይታይበትም፣ ትንሽ ስህተት ግን ከሩቅ ትታያለች። የተጋጠሙትን ጣቶች ለብቻ ወረቀት ላይ ደጋግሞ ሳይነድፉ ሸራ መንካት አያዋጣም። ሰባት ቱቦ ያስፈልጋል፤ ባለፉት አምስት ላይ አልትራማሪንና ቀይ ጨምሩ። ለቀዩ አሊዛሪን ከመረጣችሁ «ፐርማነንት» የሚለውን ግዙ፤ የድሮው ዓይነት በብርሃን ይደበዝዛል።

እንዲህ ያለ ነጠላ ሥዕል ወዳችሁ ግን ይሄኛው ጣፋጭነቱ ከበዛባችሁ፣ ፓሌርሞ ያለችውን የአንቶኔሎ ዳ ሜሲናን የብሥራት ድንግል እዩ። 45 በ34.5 ብቻ ናት። ወደ እኛ የተዘረጋችው እጇ ግን ፈተና ናት።

ደ ላ ቱር፦ «አናጢው ቅዱስ ዮሴፍ»

ሉቭር ነው፤ በ1642 ገደማ፣ 137 በ102። ዮሴፍ ጎንበስ ብሎ በመሰርሰሪያ እንጨት ይበሳል። ሕፃኑ ኢየሱስ ሻማ ይዞለታል። ብርሃን የሚመጣው ከዚያች ሻማ ብቻ ነው። ሕፃኑ ነበልባሉን በእጁ ሲከልል ብርሃኑ በጣቶቹ ሥጋ ውስጥ ያልፋል፤ ጣቶቹ ከውስጥ የበሩ ይመስላሉ። የጥፍሮቹ ጫፍ እድፍ እንኳን ይታያል።

ሞቅ ያለ ቀለም ለመማር ይሄን የሚያክል የለም። ሰማያዊ አያስፈልገውም፤ ሁለቱ ቡኒዎች (ኡምበርና ሲየና)፣ ኦከር፣ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ይበቃል። ቅርጾቹም የተጠረቡ እንጨት ያህል ጥርት ያሉ ናቸው። ግን ደረጃውን መጠበቅ ያስጨንቃል። ከነበልባሉ ቀጥሎ የሕፃኑ ፊት፣ ከዚያ የዮሴፍ ግንባር፣ ከዚያ ክንዱ እያለ ብርሃኑ ይወርዳል። አንዱን ቦታ ካደመቃችሁት ሻማው ይጠፋል። ለሁለተኛ ቅጂ እመርጠዋለሁ።

ካራቫጆ፦ «የኤማሁስ እራት»

የለንደኑን ማለቴ ነው፤ 1601፣ 141 በ196። ሚላን ያለው የ1606ቱ ሌላ ነው፤ እሱ ጨለም፣ ረጋ ያለ ነው። በለንደኑ ክርስቶስ እንጀራውን ሲባርክ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ያወቁበት ቅጽበት ነው። አንዱ የወንበሩን ክንድ ይዞ ሊነሳ ነው፤ የተቀደደ እጅጌው ክርን ወደ እኛ ይወጣል። ሌላው ሁለት እጁን ዘርግቷል፤ አንዱ ወደ እኛ፣ አንዱ ወደ ጨለማው። የፍራፍሬ ቅርጫቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጣ ብሎ ሊወድቅ ደርሷል።

ሁሉም ሰው ይሄን መገልበጥ ይፈልጋል። እኔ ለጀማሪ አልመክረውም፤ ቢያንስ ሙሉውን። አራት ሰው አለ፣ የተዘረጉት ክንዶች ደግሞ ልምድ ያለውንም ሰው ያሳስታሉ። ካራቫጆ ራሱ የሩቁን እጅ ከቅርቡ ባላነሰ መጠን ሠርቶታል፤ እናንተ ስትገለብጡት የእናንተ ስህተት ይመስላል። በዚያ ላይ ብርጭቆ፣ ዳቦ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ከሥሩ ባለ ጥለት ምንጣፍ። አሥር ቱቦ ብትገዙም አይተርፍም።

ቅርጫቱን ብቻ ብትቆርጡ ግን ታሪኩ ይቀየራል። ወይኑ፣ ፖሙ፣ ሮማኑ፣ ጨርቁ ላይ የወደቀው ጥላ፤ አንድ ወር የሚያስተምር ራሱን የቻለ ሥዕል ነው።

አሠራሩም መታወቅ አለበት። ካራቫጆ የሠራው በጠቆረ ቡኒ መደብ ላይ ነው። በነጭ ሸራ ላይ ከጀመራችሁ ጥላዎቹን ለማጥቆር ስትታገሉ ትውላላችሁ። ቀድማችሁ ሸራውን በኡምበር አቅልሙት፤ ሲደርቅ ብርሃኑን ብቻ ከጨለማው ታወጣላችሁ።

ሬምብራንት፦ «የጠፋው ልጅ መመለስ»

ሴንት ፒተርስበርግ፣ ኤርሚታዥ፤ 1668 ገደማ፣ 262 በ205። አጭር ልናገር፦ ለመጀመሪያ ቅጂ አይሆንም። በእርጅናው ዘመን የሠራው ነው። የቀለሙ ውፍረት፣ የተፋቀው፣ ስስ ሆኖ የተደረበው በፎቶ አይነበብም። ፎቶው የሚያሳየው ቀለሙን ነው፤ የቀለሙን ጉብታ አይደለም። ብትወዱት የተንበረከከውን ልጅ ባዶ እግር፣ ያንን የቆሸሸ ውስጥ እግር፣ ለብቻ ሥሩት። በኡምበር፣ በኦከር፣ በነጭና በቀይ ያልቃል።

ባጭሩ

| ሥዕል | መጠን በሴ.ሜ. | ሰው | ቱቦ | በተለይ የሚያስተምረው | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ዙርባራን፣ በጉ | 37 × 62 | የለም | 4–5 | የብርሃን ደረጃ፣ ጠርዝ | ለፍጹም ጀማሪ |
| ሳሶፌራቶ፣ ድንግል | 73 × 58 | 1 | 7 | ጨርቅ፣ ለስላሳ ቆዳ | መንደፍ ለሚችል ጀማሪ |
| ደ ላ ቱር፣ ዮሴፍ | 137 × 102 | 2 | 6 | የሻማ ብርሃን፣ ሞቃት ቀለም | ለሁለተኛ ቅጂ |
| ካራቫጆ፣ ኤማሁስ | 141 × 196 | 4 | 10 | ፎርሾርትኒንግ፣ ልዩ ልዩ ቁስ | ልምድ ላለው፤ ቅርጫቱ ለሁሉም |
| ሬምብራንት፣ የጠፋው ልጅ | 262 × 205 | 2 ዋና፣ ሌሎች ከኋላ | 7 | ወፍራምና ስስ ቀለም | ኦሪጅናሉን ማየት ለሚችል |

ከምን ላይ ትገለብጣላችሁ?

ሦስት መንገድ አለ። ሙዚየም ገብቶ መሥራት ወደር የለውም፤ ግን ፈቃድ፣ ወረፋና ደንብ አለው። ሉቭር ለምሳሌ ቅጂው ከኦሪጅናሉ ጋር እኩል መጠን እንዲኖረው አይፈቅድም። ለአብዛኛው ሰው የሚቀረው ህትመትና ስክሪን ነው። ስክሪን ያጎላል፤ ዝርዝር ለማየት ጥሩ ነው። ግን ከውስጡ ብርሃን ስለሚወጣ ነጩ የዘይት ቀለም ሊደርስበት ከሚችለው በላይ ይደምቃል፤ ሰው ሊደርስበት ሲል ቀለሙን በነጭ ያጥባል። ህትመት ከሸራችሁ ጋር በአንድ ብርሃን ሥር ስለሚቆም ለማነጻጸር ይቀላል፤ ጥላ ውስጥ ያለውን ግን ይደፍነዋል። ሁለቱንም ያዙ፦ ቀለሙን ከህትመቱ፣ የጨለማውን ውስጥ ከስክሪኑ።

ንድፉን ማስተላለፍ ላይ ብዙ ክርክር አለ። በካሬ ከፋፍሎ መንደፍ ዓይን ያሠለጥናል፣ ጊዜ ግን ይወስዳል። ህትመቱን በሸራው ልክ አውጥቶ ጀርባውን በከሰል ቀብቶ በላዩ መከተል ቶሎ ያልቃል። ዓላማችሁ ቀለም መማር ከሆነ በከሰሉ ተከተሉ፤ ማንም አይከሳችሁም። ዓላማችሁ መንደፍም ከሆነ በካሬ ሥሩ።

እንደ ኪሳችሁና እንደ ጊዜያችሁ

ገንዘብ ጠበቅ ካለ በጉን ምረጡ። አራት ቱቦ፣ ሦስት ብሩሽ፣ በጌሶ (ከቀለም በፊት በሚቀባ ነጭ መደብ) የተቀባ ጠንካራ ካርቶን ወይም ትንሽ ሸራ ይበቃችኋል። ነጭ ቀለም ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ስለሚያልቅ ቱቦውን ተለቅ ያለ ግዙ። የተማሪ ደረጃ ቀለም ለመሬት ቀለሞች፣ ለኡምበርና ለኦከር፣ ችግር የለውም፤ ንጹሖቹም ራሳቸው ርካሽ ናቸው። ቱቦው ላይ «ሂዩ» የሚል ከተጻፈ በስሙ የሚጠራው ቀለም በሌላ ርካሽ ተተክቷል ማለት ነው። ለቀይና ለሰማያዊ ሲሆን ትንሽ ጨመር አድርጎ ንጹሑን መግዛት ያዋጣል።

ቅዳሜና እሑድ ብቻ ጊዜ ያላችሁ ለድርብርብ አሠራር ትመቻላችሁ። የታች ቅቡን ትሠራላችሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ይደርቃል፣ ስትመለሱ ቀጣዩን ታነጥፋላችሁ። ሳሶፌራቶና ደ ላ ቱር ለእናንተ ናቸው። በየቀኑ አንድ ሰዓት የምታገኙ ከሆነ ቁራጭ ይሻላል፦ ቅርጫቱ፣ እግሩ፣ የሕፃኑ እጅ።

ፊት ካልሣልኩ አይሆንልኝም የምትሉ፣ ድንግሏን ውሰዱ። ግን መጀመሪያ ፊቷን ብቻ በኡምበርና በነጭ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ሥሩ። እሱ ከተሳካ ወደ ሙሉው እለፉ።

የትኛውንም ብትመርጡ ሁለት ነገር አይቀርም። ከታች ቀጭን፣ ከላይ ቅባታም። የታችኛውን በተርፐንታይን አቅጥኑት፤ ወደ ላይ ስትወጡ የተልባ ዘይት ጨምሩበት። ዘይት የበዛበት ዘግይቶ ይደርቃል፤ በላዩ ቶሎ የሚደርቅ ከቀባችሁ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው የደህንነት ነው። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ሲጨማደድ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል፤ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። መስኮትም ይከፈት።

ቅጂው ሲያልቅ ከሸራው ጀርባ «ከዙርባራን የተገለበጠ» ብላችሁ ስማችሁንና ዓመቱን ጻፉ። የፊት ለፊቱን ፊርማ ተዉት። ቫርኒሹን (መጨረሻ ላይ የሚቀባውን መከላከያ) ከ6 ወር በፊት አትንኩት፤ ወፍራም የተቀባ ከሆነ ዓመት ጠብቁ። እስከዚያ ቀጣዩን መጀመር ይቻላል።